የአባቴ አራት ቃዳ፦ ብዛታችን መሬቱ ላይ ሲያርፍ

የእስቴ ልጅ · ሰኞ ማታ 2፡40

ሰላም ወገኖቼ። ጽሑፉ ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

ለፋሲካ አገር ቤት ገብቼ ነበር። ደቡብ ጎንደር፣ እስቴ። መንገዱ እንደምታውቁት ነው፤ ቢሆንም በሰላም ደረስኩ። ቤተሰቤን ካየሁ ሦስት ዓመት አልፎኝ ነበር።

አባቴ በ1989ኙ የመሬት ሽግሽግ አራት ቃዳ ደረሰው። አንድ ሄክታር ማለት ነው። ልጆቹ ስድስት ነን። እኔ ተምሬ አዲስ አበባ ቀረሁ፣ አንዷ እህቴ ቤሩት ናት። አራቱ እዚያው ናቸው፤ አግብተዋል፣ ወልደዋል። እኛ አካባቢ ከዚያ ሽግሽግ በኋላ ያደገ ሰው መሬት የሚያገኘው ከአባቱ ብቻ ነው። ስለዚህ አባቴ በቁሙ አካፈላቸው።

ታላቅ ወንድሜ ትልቁን ማሳ ሊያሳየኝ ወሰደኝ። ተዳፋት ላይ ያለ የሁለት ቃዳ ማሳ ነው። ለአራት ተከፍሏል። ላዩ ስስ አፈር ነው፣ ታቹ ወፍራም። ወንድም ከወንድም እንዳይቀያየም ሁሉም ከሁለቱም እንዲደርሰው ተብሎ ማሳው ከአናቱ እስከ ግርጌው በቁመቱ ተሰነጠቀ። የወንድሜን ድርሻ ወርዱን በእርምጃ ለካሁት። 14 እርምጃ።

«ለምን አግድም አታርሰውም? ጎርፍ ይወስድብሃል እኮ» አልኩት።

«በሬዎቹን የት ላዙራቸው?» አለኝ።

እውነቱን ነው። ገና አንድ ትልም ሳያወጣ ድንበር ይደርሳል። ስለዚህ ቁልቁል ያርሳል። ሌሎቹም እንደሱ። ክረምት ሲገባ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ፈሰስ፣ የጎርፍ መውረጃ ቦይ፣ ያወጣሉ። አራቱ ፈሰስ ግርጌው ላይ ይገናኛል። እዚያ ሰው ቢቆምበት የማይታይ ቦረቦር ተከፍቷል። እኔ ከብት ስጠብቅ የተኛሁበት መስክ ነበር።

ከቦረቦሩ ማዶ ደብሩ አለ። ልጅ ሳለን ከጽዱና ከወይራው ሥር ለመግባት እንፈራ ነበር፤ ቀንም ይጨልማል። አሁን ከውጭ ሆኜ የቤተ ክርስቲያኑን ጉልላት አየሁት። እርሻው ዓመት በዓመት እየተጠጋ የቅጽሩን ድንጋይ ነክቷል።

ቁጥሩን ሁላችንም ሰምተነዋል። በ1976 ቆጠራ ከነኤርትራ ወደ 42 ሚሊዮን ነበርን። በ1987 ያለ ኤርትራ 53 ሚሊዮን፣ በ1999 ደግሞ ወደ 74 ሚሊዮን። ከዚያ ወዲህ አልተቆጠርንም፤ የተባበሩት መንግሥታት ግምት ግን ከ130 ሚሊዮን ያስበልጠናል። ይሄን ሁሉ ሰምቼ ምንም አልመሰለኝም ነበር። ያቺን 14 እርምጃ ስለካ ግን ሆዴ ባባ። ወንድሜ ሦስት ወንዶች ልጆች አሉት።

ጥያቄዬ ይሄ ነው። አገሩን የጎዳው መብዛታችን ነው? ወይስ ሌላ ነገር አለ? እናንተ ጋ እንዴት ነው?

የአምባሰሉ ሰው · ሰኞ ማታ 3፡55

ልጄ፣ ጽሑፍህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አባትህን እግዜር ያቆይልህ።

እኔ «ሕዝብ በዛ» የሚል ቃል ስሰማ እደነግጣለሁ። ለምን እንደሆነ ልንገርህ። በ1977 የ12 ዓመት ልጅ ነበርኩ። ወሎ ያ መከራ ወርዶበታል። መሬቱ ደክሟል፣ ሰዉ በዝቷል ተባለና አነሡን። ከወሎ፣ ከትግራይና ከሰሜን ሸዋ ወደ 600 ሺህ ሰው ነው በዚያ ጊዜ የተነሣው። ወደ ጋምቤላ፣ ወደ መተከል፣ ወደ ወለጋ የሄደም አለ። እኛን ኢሉባቦር አወረዱን።

እዚያ ጫካ ነው። ቀረሮ የሚባል ዛፍ አለ፤ ሦስት ሰው እጅ ለእጅ ተያይዞ ግንዱን አያቅፈውም። አባቴ መጀመሪያ የያዘው ሥራ ምንጠራ ነበር። ምን ያድርግ? በቆሎ ያለ ፀሐይ አይበቅልም። የአገሩ ሰው ቀፎ የሚሰቅልበትን ዛፍ ነው የጣልነው። አንድ ሽማግሌ መጥተው ከወደቀው ግንድ ላይ ተቀምጠው ዝም ብለው ሲያዩን አስታውሳለሁ። አልተቆጡንም። አባቴ እስኪሞት ድረስ የእኚያን ሰው ነገር ያነሣ ነበር።

እና ልጄ፣ ያኔ ወሎ ላይ ቀለለ የተባለው ሸክም ኢሉባቦር ላይ ነው ያረፈው። ሰው የትም ቢወስዱት ይበላል፣ ያነዳል፣ ቤት ይሠራል። «በዝታችኋል» የሚል ሰው ቀጥሎ ምን ሊያደርግ እንዳሰበ መጠየቅ ጥሩ ነው።

ልጅ በዕድሉ ያድጋል ብለው ነው ያሳደጉን። እኔም ሰባት ወልጃለሁ፣ አንዳቸውንም በዛህ አልለውም።

ዘገየ ቆጠራ · ሰኞ ማታ 4፡20

የአምባሰሉ ጋሼ ልክ ናቸው። የእኔ ስጋት ደግሞ ሌላ ነው። የ1999 ቆጠራ ውጤት ሲወጣ የአማራ ክልል ሕዝብ ከተገመተው ከሁለት ሚሊዮን በላይ አንሶ ተገኘና ፓርላማ ድረስ ጥያቄ ተነሣ። በጀትም ወንበርም በቁጥር ነው የሚታደለው። ስለዚህ «አራርቃችሁ ውለዱ» የሚል ሰው ሲመጣ ገበሬው «ማንን ሊያሳንስ ነው?» ይላል። ይሄን ጥርጣሬ ሳናነሣ ብንወያይ ግማሹን ደበቅነው ማለት ነው።

ኬላዋ · ማክሰኞ ጠዋት 1፡15

እንደምን አደራችሁ። ጋሼ፣ ያሳለፉትን ሳነብ እንባዬ መጣ።

እኔ ጎጃም ውስጥ ዘጠኝ ዓመት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ነበርኩ። አሥረኛ ክፍል ጨርሼ፣ አንድ ዓመት ሠልጥኜ፣ ከአንዲት ጓደኛዬ ጋር አንድ ቀበሌ ተሰጠን። እስካሁን በጻፋችሁት ውስጥ ሴቷ አልታየችኝም። መንግሥት ሊያሳንሰን ነው ወይስ አይደለም እያላችሁ ነው። እሷን የጠየቀ ማን አለ?

አንዲት ሴት ነበረች። አምስት ወልዳለች፣ ስድስተኛው በሆድ ሳለ ሞቶባታል። የሦስት ወሩን የወሊድ መከላከያ መርፌ ትወስድ ነበር፣ ባሏ አያውቅም። የቀጠሮ ካርዷን ቤት መውሰድ ስለማትችል ጤና ኬላው ውስጥ እኔ አስቀምጥላት ነበር። ቀኗን የምታስታውሰው በገበያ ቀን ነው። 12 ቅዳሜ ትቆጥራለች። በአሥራ ሁለተኛው ቅዳሜ ጨው ልግዛ ብላ ትወጣና በኬላው በኩል ታልፋለች። እንደሷ ካርዳቸው እኔ ጋ የተቀመጠ ሴቶች 31 ነበሩ። አንድ ጊዜ መርፌው አለቀብን። ሁለት ሰዓት በእግር መጥታ ባዶ እጇን ተመለሰች። በቀጣዩ ዓመት ወለደች። ያንን ልጅ ጠላችው እያልኩ አይደለም፤ ስሙን እኔ ነኝ ያወጣሁለት። ግን አልመረጠችውም።

ነገሩ ደግሞ እየተለወጠ ነው። በ1992ቱ የጤና ጥናት ካገቡ 100 ሴቶች 8ቱ ብቻ ነበሩ መከላከያ የሚጠቀሙት። በ2008ቱ 36 ደርሰዋል። አንዲት ሴት በአማካይ የምትወልደው ከ5.5 ወደ 4.6 ወረደ። በዚያው በ2008ቱ ጥናት ገጠር ብቻውን 5.2 ነበር፣ አዲስ አበባ 1.8። እንዲያም ሆኖ ማራራቅ ወይም ማቆም ፈልጋ ምንም የማትጠቀም ከአምስት ባለትዳር ሴት አንዷ ነበረች። ማንም ማንንም ሳያስገድድ፣ የምትፈልገውን ብናደርስላት እንኳ ብዙ ነገር ይቀልል ነበር። የሰማችው ሴት ሁሉ የምትጠይቀኝ ደግሞ ክንድ ላይ የሚቀበረውን ነው። ሦስት ዓመት ማንም አያየውም።

የእስቴ ልጅ · ማክሰኞ ጠዋት 2፡05

ኬላዋ፣ እህቴ፣ አመሰግናለሁ። አንድ ነገር ግን አልገባኝም። የሚወለደው ከቀነሰ ቁጥሩ ለምን ይጨምራል?

ኬላዋ · ማክሰኞ ጠዋት 2፡30

ሁለት ምክንያት አለው። አንደኛው ደስ የሚል ነው፤ ልጆቻችን መሞት ቀነሱ። በ1992 ከ1,000 ሕፃናት 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር። በ2008 ወደ 67 ወረደ። እናቶቻችን «ሁለቱ ቢሞቱ ሦስቱ ይተርፉኛል» ብለው ነው የወለዱት። አሁን አምስቱም ይተርፋሉ።

ሁለተኛው፣ የነገዎቹ እናቶች ዛሬ ተወልደዋል። የታላቅ ወንድምህ ሦስት ልጆች ሁለት ሁለት ቢወልዱ እንኳ ስድስት ይሆናሉ። ያን ማሳ የሚጠብቁት እነሱ ናቸው። መከላከያው ሲዘገይ አንድ ትውልድ ሙሉ ነው የሚያልፈን።

ደለል · ማክሰኞ ከሰዓት 8፡10

የግብርና ባለሙያ ነኝ። አፈርና ውሃ ጥበቃ ላይ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። ከሁሉ በላይ የነካኝ «በሬዎቹን የት ላዙራቸው» የምትለው ነገር ናት። እኛ ለገበሬው ስብሰባ ጠርተን «አግድም እረስ» ብለን እንሄዳለን። ለምን እንደማያርስ የሚነግረን የለም፤ እኛም አንጠይቅም።

ስዊሳዊው የአፈር ተመራማሪ ሃንስ ሁርኒ ደገኛው እርሻ ላይ በዓመት ከአንድ ሄክታር በአማካይ 42 ቶን ገደማ አፈር ይታጠባል ብሎ ገምቶ ነበር። ደንበጫ አጠገብ አንጀኒ በሚባል ቦታ ከ1976 ጀምሮ ሲለካ የኖረ፣ እርከን የተሠራበት ተፋሰስ አለ። አፈሩን ወደ ላይ የሚጥለው እርከን፣ ፋንያ ጁ የምንለው፣ ከጊዜ በኋላ ተዳፋቱን ደረጃ በደረጃ እያስተኛው መጣ። ሰው እዚያም አልቀነሰም።

ስለዚህ ይቻላል። ችግሩ እርከን ራሱ ቦታ ይበላል። አንድ ሄክታር ያለው ሰው አንድ ሜትር ወርድ ቢሰጥ አይሰማውም። 14 እርምጃ ላለው ሰው ግን ከልጁ እንጀራ ላይ ነው የምትቆርሰው። ጎረቤቱ ካልሠራ ደግሞ የጎረቤቱ ጎርፍ መጥቶ የሱን ይንደዋል። ብዛት መሬቱን የሚጎዳው እንዲህ ነው፤ በአፍ ብዛት ብቻ ሳይሆን በድንበር ብዛት። አንድ ውሳኔ የነበረው አራት ውሳኔ ይሆናል።

ኩበቱንም አትርሱት። ጫካው ሲሸሽ እናቶቻችን ማሳ ላይ መዋል የነበረበትን ፍግ ምድጃ ውስጥ ይጨምሩታል። አፈሩ ይራባል። ከዚያ ማዳበሪያ በዱቤ።

ወንድሞችህ ይስማሙ እንደሆነ አንድ ነገር ልበል። ድንበሩ ደብተሩ ላይ ይቆይ፣ ማሳውን ግን እንደ አንድ ማሳ አግድም እረሱት። እርከኑ አራቱንም አቋርጦ ይሂድ። ሲታጨድ በየድርሻቸው ያጭዳሉ። ምሥራቅ ጎጃም ላይ ሁለት ወንድማማቾች እንዲህ ሲያደርጉ አይቻለሁ። በሬም ተጋሩ፣ ዘርም አብረው ዘሩ።

ሰብለ ከቨርጂኒያ · ማክሰኞ ማታ 1፡00

ሰላም ለሁላችሁ። ሁሉንም አነበብኩ። እኔ የምፈራው ዓለም ይሄን ሰምቶ «አየህ፣ አፍሪካውያን እየበዙ ምድሪቱን አጠፏት» እንዳይል ነው። እኔ የምኖርበት አገር አንድ ሰው በዓመት በአማካይ ወደ 14 ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቃል። አንድ ኢትዮጵያዊ ከሩብ ቶን በታች ነው። እዚህ የእኔ ቤተሰብ አራት ሰው ነው፣ መኪናችን ሁለት። በዚህ ሒሳብ የእኛ አንድ ቤት ብቻውን ከሁለት መቶ ኢትዮጵያዊ ይበልጣል። ዝናቡ የተዛባው በእነሱ ብዛት አይደለም።

የእስቴ ልጅ · ማክሰኞ ማታ 1፡45

ሰብለ፣ ስለ ዝናቡ ልክ ነሽ፤ ይሄ በግልጽ መነገር አለበት። ግን እህቴ፣ ያ ቦረቦር ከቨርጂኒያ አልመጣም። ከአራቱ ፈሰስ ነው የመጣው። ሁለቱንም በአንድ አፍ መናገር ያለብን ይመስለኛል። «የነሱ ይብሳል» ብለን የኛን ብንተወው የሚራበው የወንድሜ ልጅ ነው።

ሰብለ ከቨርጂኒያ · ማክሰኞ ማታ 2፡20

ገባኝ። እውነቱን ልንገርህ፣ መልስህን ሳነብ ስለራሴ አሰብኩ። ለታናሽ ወንድሜ ቤት መሥሪያ ብር ልኬ ነበር። የቆርቆሮ ቤት፣ አምስት ክፍል። ፎቶውን ሲልኩልኝ አለቀስኩ። አሁን ሳስበው የተሠራው እናቴ ባቄላ የምትዘራበት መሬት ላይ ነው። ሌላ ቦታ የላቸውም ነበር። ግድግዳው 80 የባሕር ዛፍ አጣና ፈጅቷል።

ከሐሮማያ · ረቡዕ ጠዋት 3፡30

እኔ ደግሞ ከምሥራቅ ልምጣ። ሐሮማያ ሐይቅን የማያውቅ የለም፣ አለማያ የምትሉት። ልጅ ሆኜ ጀልባ ነበረበት። የሐረር ሕዝብ ከሱ ነበር የሚጠጣው።

ከዚያ የጫት ዋጋ ወጣ። በዙሪያው ያለ ገበሬ ሁሉ ማሳው ጠባብ ነው፤ በጠባብ ማሳ ቤተሰብ የሚያኖር ደግሞ ከጫት ሌላ የለም። ሞተር ገዛ፣ ቱቦ ዘረጋ። ሐይቁ ሲሸሽ ቱቦው እየተቀጠለ ተከተለው። ከላይ ከተራቆተው ዳገት ደለል ይወርዳል፣ ከታች ሞተሩ ይመጣል። ከተማውም እያደገ ነው፣ እሱም ይጠጣል። በ1990ዎቹ አጋማሽ ላይ ደረቀ። መሀሉ ላይ ኳስ ተጫውተናል። ሐረር ውሃ ያጣችበትን ጊዜ ያየ ሰው ያውቀዋል፤ ኋላ ከድሬዳዋ በኩል ከሩቅ በቱቦ መጣላት።

ባለፉት ጥቂት ዓመታት ግን ውሃው ተመልሷል። ዳገቱ ላይ ሥራ ተሠርቷል፣ ዝናቡም ረድቷል። ዳክዬ ሳይ ያበድኩ መሰለኝ። ሰው በመሀሉ አልቀነሰም፤ በእጥፍ ጨምሯል ብል አልዋሽም፣ በኛ ሰፈር። ስለዚህ ለእስቴው ልጅ ጥያቄ መልሴ፣ ብዛቱ ጉልበቱን ሰጠው፣ ሐይቁን የጨረሰው ግን ማንም «በቃ፣ ዛሬ ያንተ ተራ አይደለም» የሚል ስላልነበረ ነው። ውሃው የሁሉም ነበር፣ ጠባቂ ግን ማንም አልነበረውም። አሁንም ሞተሮቹ አሉ። እፈራለሁ።

ከአዊ · ረቡዕ ከሰዓት 9፡40

ፋግታ ለኮማ ወረዳ ብትመጡ ዛፍ ይበዛባችኋል። ዲከረንስ ነው፣ የግራር ዘመድ። አፈራችን አሲዳማ ሆኖ የገብሱም የጤፉም ምርት ሲቀንስ ሰዉ ዲከረንስ ተከለ። መጀመሪያ ዓመት ከጤፍ ጋር አብሮ ይወጣል። ጤፉ ይታጨዳል፣ ችግኙ ይቀራል። ከዚያ በሥሩ ሣር ይታጨዳል ለከብት። በአራት በአምስት ዓመት ይቆረጥና ከሰል ይሆናል፤ አዲስ አበባ የምታነዱት ነው። መሬቱ አርፎ እንደገና ጤፍ ይዘራበታል። ስደት ሊሄድ የነበረ ወጣት ችግኝ እየሸጠ ቀረ። አገሩም ለበሰ።

ሰው በዝቶ ዛፍ የበዛበት ቦታ አለ ለማለት ነው። አሁን ግን በሽታ ገብቶበታል፣ ቅጠሉ እየረገፈ ይደርቃል። ሁላችንም አንድ ዓይነት ዛፍ ነበር የተከልነው። ባለፈው ዓመት የእኔ ሩብ ሄክታር እንዳለ ሄደ።

የአምባሰሉ ሰው · ረቡዕ ማታ 3፡10

ኬላዋ፣ ልጄ፣ ስለ ካርዱ የጻፍሽውን ለባለቤቴ አነበብኩላት። ሰባት ስትወልድ አንድም ቀን ጠይቄያት እንደማላውቅ ነገረችኝ። 38 ዓመት አብረን ኖረናል። «ብትጠይቀኝ አራት እልህ ነበር» አለችኝ። ከዚያ ተነሥታ ቡናዋን ማፍላት ጀመረች። እኔ ዝም አልኩ። ይሄን እዚህ መጻፍ ይከብዳል፤ ግን ለወጣቶቹ ይጠቅም እንደሆነ ብዬ ነው።

የእስቴ ልጅ · ሐሙስ ማታ 2፡15

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጋሼ፣ በተለይ እርስዎን።

ዛሬ ኔትወርክ ተገኝቶ ታላቅ ወንድሜን አገኘሁት። የደለልን ሐሳብ ነገርኩት። መጀመሪያ ዝም አለ። ቀጥሎ «አባባ ምን ይላል?» አለ። ስልኩን ለአባቴ ሰጠው። አባቴ «ድሮስ አንድ ማሳ አልነበር?» አለኝ። ማሳው ላይ ድሮ እርከን እንደነበረና ሲካፈሉ እንዳፈረሱት ያኔ ነው የሰማሁት። የእርከኑን ድንጋይ ለጎጆ መሠረት ወስደውታል።

ሁለቱ ወንድሞቼ ተስማምተዋል። የእህቴም ባል እሺ ብሏል። ትንሹ ግን እምቢ አለ። በሱ ድርሻ ባሕር ዛፍ ተክሏል፤ ዕዳ አለበት፣ በሦስት ዓመት አጣናውን ሸጦ ሊከፍል ነው። ልቆጣው አልቻልኩም። ድርሻው ጠርዝ ላይ ስለሆነች ሦስቱ ያለሱ መጀመር ይችሉ እንደሆነ አላውቅም። ደለል፣ ምን ትላለህ?

ኬላዋ፣ የታላቅ ወንድሜ ሚስት ስልኩን ተቀብላ ሰላም ስትለኝ «እዚያ ኬላው ላይ ክንድ ላይ የሚቀበረው አለ ወይ?» ብዬ ጠየቅኳት። እንዲህ ያለ ነገር አውርተን አናውቅም፣ አፈርኩ። ሳቀችና «ከወለድኩ ወዲህ አለኝ እኮ» አለችኝ።

ኬላዋ · ሐሙስ ማታ 2፡40

እልል! መቼ እንዳስቀበረችው ጠይቃት። ሦስት ዓመቱ ሲሞላ መቀየር አለበት፣ ብዙዎች ይረሱታል።

ደለል · ሐሙስ ማታ 3፡05

ሦስቱ ይጀምሩ። ጠርዝ ላይ ከሆነ ይሻላል፣ እርከኑ ባሕር ዛፉ ጋ ሲደርስ ያበቃል። ጫፉ ላይ የሚሰበሰበው ውሃ ግን ወደ ታናሽህ እንዳይፈስበት በሣር የለበሰ መውረጃ ይበጅለት፤ አለዚያ ጠብ ይነሣል። የውሃ ልክ ከቀበሌው የግብርና ሠራተኛ ይዋሱ፣ በዓይን አይሥሩት። ሰኔ ሳይገባ ነው።

የማሳውን ርዝመት ከአናቱ እስከ ግርጌው በገመድ አስለካና ላክልኝ። ተዳፋቱንም በግምት ንገረኝ። ስንት እርከን እንደሚወጣውና በየት በየት እንደሚያልፍ ልሥራልህ።

የእስቴ ልጅ · ሐሙስ ማታ 3፡12

ነገ ጠዋት ይለካዋል። ገመዱን አባቴ ነው የሚይዝለት።